ከእንጅባራ ቀርከሃና ከኤሌክትሪክ ሽቦ የሠራሁት የጉዞ አንቴና

የመጀመሪያው ጉዟችን ላይ ሬዲዮው ሠርቷል፤ ባትሪውም ሠርቷል። ጉድ የሠራን አንቴናው ነው።

ከደብረ ማርቆስ ተነስተን ወደ ጮቄ ተራራ ወጣን። ከጓደኛዬ ጋር ሁለት ነበርን። መኪናው እስከቻለው ድረስ ሄደ፤ የቀረውን በእግራችን ወጣነው። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሽቦውን ዘርግተን ሬዲዮውን ከፈትነው። ዓለም ሁሉ ይሰማል። ጣልያኑ ይሰማል፣ ሩሲያው ይሰማል። እኛን የሚሰማ ግን ጠፋ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ጠርተን ጠርተን ጉሮሯችን ደረቀ። ዕቃ ስንሰበስብ የአንቴናዋን ሣጥን ብነካት ትፋጃለች። ኃይሉ ሁሉ የቀረው እሷ ውስጥ ነበር።

ይህን የምጽፈው ለጉዞ የሚሆን የሽቦ አንቴና መሥራት ለምታስቡ ሰዎች ነው። እኔ አራት ወር የፈጀብኝን ነገር እናንተ በአንድ ቅዳሜና እሑድ ልትጨርሱት ትችላላችሁ።

ለአዲስ አንባቢ ጥቂት ልበል። አማተር ሬዲዮ ፈቃድ ያላቸው ሰዎች ያለ ገንዘብ ጥቅም፣ ለመማርና ለመሞከር ብለው በተመደበላቸው ሞገድ የሚነጋገሩበት ሙያ ነው። የአገራችን የጥሪ መለያ «ኢቲ» ብሎ ይጀምራል። አዲስ አበባ አምስት ኪሎ፣ ቴክኖሎጂ ግቢ ውስጥ ያለው የክበብ ጣቢያ ኢቲ3ኤኤ ይባላል። እኔም ማይክ ለመጀመሪያ ጊዜ የጨበጥኩት እዚያ ነው። ፈቃድ ሰጪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ፈቃድ ሳይኖራችሁ ማድመጥና መማር ትችላላችሁ፤ የማውሪያውን ቁልፍ ግን አትንኩት።

አሁን ወደዚያች ወደምትፋጀው ሣጥን ልመለስ።

የመጀመሪያው አንቴናዬ ከአንድ ጫፉ የሚመገብ ግማሽ ሞገድ ሽቦ ነበር። በመላው ዓለም ተጓዦች የሚወዱት ዓይነት ነው። 20 ሜትር ገደማ ሽቦ፣ አንድ ጫፉ ላይ ትንሽ ትራንስፎርመር፣ በቃ። ሽቦው ጫፉ ላይ ከ2,000 ኦም (ለኤሌክትሪክ ያለው የመቋቋም መለኪያ) በላይ ያሳያል። ሬዲዮው የሚፈልገው ደግሞ 50 ኦም ነው። ስለዚህ ፌሪት ከሚባል መግነጢሳዊ ቁስ በተሠራ ቀለበት ላይ በአንድ በኩል 2 ዙር፣ በሌላ በኩል 14 ዙር ይጠመጠማል። 14 ለ2 ሲካፈል 7 ነው፤ 7 በ7 ሲባዛ 49። ያ 49 ነው 2,450 ኦሙን ወደ 50 የሚያወርደው። ሂሳቡ ትክክል ነበር።

ስህተቱ ቀለበቱ ላይ ነው። ለዚህ ሥራ የሚሆነው ቁጥር 43 የሚባለው የፌሪት ዓይነት ነው። እሱን ገበያ ላይ ፈልጌ አጣሁት። ከአሮጌ የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ ውስጥ ቢጫና ነጭ ቀለም የተቀባ ቀለበት ፈታሁና ጠመጠምኩበት። ቀለበት ሁሉ አንድ መስሎኝ ነበር። ቢጫና ነጩ ግን ከብረት ዱቄት የተጋገረ ነው። የተሠራው ለፓወር ሰፕላይ ዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ ነው። በአጭር ሞገድ ላይ ኃይሉን ይበላና ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ለማድመጥ አያስቸግርም፤ ምክንያቱም ከውጭ የሚመጣው ድምፅ ግማሹ ቢጠፋም የቀረው ይበቃል። 5 ዋት ይዞ ተራራ ላይ ለወጣ ሰው ግን ግማሹ ሲጠፋ ብዙ ነው። ትክክለኛውን ቀለበት ከውጭ የሚያመጣላችሁ ሰው ካለ ይህን አንቴና ሥሩት፤ በጣም ጥሩ ነው። ካላገኛችሁ ግን በተገኘው ቀለበት አትሞክሩት።

እኔ ቀለበት የማይፈልገውን መረጥኩ። ዳይፖል ይባላል። ሁለት እኩል ክንፍ ሽቦ፣ መሐሉ ላይ ኬብል። ከዚህ የቀለለ አንቴና የለም፤ ብልሽቱም በዓይን ይታያል። ሁለት ባንድ (ለአማተሮች የተመደበ የሞገድ ክልል ነው፤ ስሙ የሞገዱ ርዝመት እንጂ የሽቦው አይደለም) እንዲሠራልኝ ደግሞ በየክንፉ ላይ አንድ መገጣጠሚያ አስገባሁበት። መገጣጠሚያው ሲፈታ ሽቦው ያጥርና ለ20 ሜትር ባንድ ይሆናል። ሲገጠም ይረዝምና ለ40 ሜትር ይሆናል።

ርዝመቱን ለማግኘት 142.5ን በሜጋ ኸርትዝ ማካፈል ነው። ለ14.2 ሜጋ ኸርትዝ 10 ሜትር ገደማ ይመጣል፤ እያንዳንዱ ክንፍ 5 ሜትር። ለ7.1 ደግሞ 20 ሜትር ገደማ፤ እያንዳንዱ ክንፍ 10 ሜትር። ይህ ግን ለባዶ ሽቦ ነው። ፕላስቲክ የለበሰ ሽቦ ጥቂት ያጥራል። ክንፎቹ እንደ ጎጆ ጣራ ወደ ታች ሲወርዱ ደግሞ ርዝመቱ ትንሽ ይለወጣል። የእኔ መጨረሻ ላይ 4 ሜትር ከ86 እና 9 ሜትር ከ75 ሆነው ተገኙ። የእናንተ እንደ ሽቦውና እንደ ቦታው ይለያያል። መጀመሪያ ስትቆርጡ 5 ሜትር ከ20 እና 10 ሜትር ከ40 አድርጉት።

ሽቦውን የገዛሁት ደብረ ማርቆስ፣ ተራ የኤሌክትሪክ ዕቃ ቤት ነው። 1 ሚሊ ሜትር ካሬ፣ ብዙ ቀጫጭን ክር ያለው። ለግድግዳ የሚገባው ባለ አንድ ክር ሽቦ አይሆንም፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲጠቀለል ይሰበራል። አንድ ነገር ተጠንቀቁ። መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ሽቦ ገበያው ላይ አለ። ዓይታችሁ አትለዩትም። ባለሱቁን አስፈቅዳችሁ ጫፉን በምላጭ ፋቅ አድርጉት። ሥሩ ነጭ ከሆነ ተዉት። ሶልደር አይዝም፤ ቶሎም ይበጠሳል።

ኬብሉ ላይም የአገር ቤት መላ ነው ያዋጣኝ። የሬዲዮ ሰዎች የሚጠቀሙት 50 ኦም ኬብል ነው። እኛ ከተማ ውስጥ ያለው ግን የዲሽ ኬብል ነው፤ 75 ኦም። መጀመሪያ አይሆንም ብዬ ትቼው ነበር። ኋላ ግን አሰብኩት። ከምድር በደንብ ከፍ ብሎ የቆመ ቀጥ ያለ ዳይፖል ራሱ መሐሉ ላይ 73 ኦም ገደማ ነው። ስለዚህ ለኬብሉ ባዕድ አይደለም። ወደ ሬዲዮው ሲደርስ ትንሽ ልዩነት ይኖራል፤ ሬዲዮው ግን አያማርርም። የዲሽ ኬብል አንድ ጠባይ አለው። የውጭው ጥልፍ አሉሚኒየም ስለሆነ ሶልደር እምቢ ይላል። የዲሽ ፊሽ ግጠሙለት። መሐሉ ላይ ደግሞ የፊሹን እናት አድርጉና ሁለቱን ሽቦ እሷ ላይ ሶልደር አድርጉ። ሬዲዮው በኩል የሚቀይር አዳፕተር ያስፈልጋል። እኔ 12 ሜትር ኬብል ይዣለሁ። 4 ሜትሩን ከመሐሉ ሥር ስምንት ዙር ጠምጥሜ በናስትሮ አስሬዋለሁ። ይህ ጥቅል ሞገዱ በኬብሉ የውጭ አካል ተመልሶ ወደ እጃችሁ እንዳይመጣ ያግዛል። ሳልጠመጥም በፊት ማይኩን ስነካ የመለኪያው መርፌ ይንቀጠቀጥ ነበር።

መሐሉን የሠራሁት ከአሮጌ ቢጫ ጀሪካን ነው። የጀሪካን ፕላስቲክ ጠንካራ ነው፤ በቀላሉ አይሰባበርም። የመዳፍ ያህል ቆረጥኩና በጋለ ሚስማር በየጎኑ ሦስት ሦስት ቀዳዳ በሳሁ። እዚህ ላይ ቀስ ብላችሁ አስተውሉ። ሽቦው በመጀመሪያው ቀዳዳ ይገባል፣ በሁለተኛው ይወጣል፣ በሦስተኛው ተመልሶ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ሶልደሩ የሚሄደው። ሽቦው ሲጎተት የሚጎተተው ፕላስቲኩ ነው፤ ሶልደሩ ላይ ያለው ጅማት ላላ ብሎ ይቀመጣል። መጀመሪያ የሠራሁት አንድ ቀዳዳ ብቻ ነበረው። ንፋሱ ሲያወዛውዘው ሶልደሩ ሥር ክሮቹ አንድ በአንድ ተበጠሱ። ሦስት ክር ቀርቶት ነው የደረስኩበት።

ለመገጣጠሚያው ከመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኞች ዘንድ የሚገኘው ወንድና ሴት ፊሽ በቂ ነው። ግን ሸክሙን ፊሹ እንዳይሸከመው። ትንሽ የጀሪካን ቁራጭ ሁለት ቀዳዳ አድርጋችሁ ሽቦውን በሁለቱም በኩል እሷ ላይ ቋጥሩት። ፊሹ ሥሯ ላላ ብሎ ይንጠልጠል። ጫፎቹ ላይም እንዲሁ ቁራጭ አድርጉና ከዚያ 5 ሜትር ሲባጎ ቀጥሉ።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚሳሳትበት ነገር ልምጣ። እኔም የተሳሳትኩበት ነው።

አንቴናውን ቤት ውስጥ ጨርሼ ቆርቆሮ ጣራችን ላይ አንድ ሜትር ከፍ አድርጌ ዘረጋሁት። የኤስ ደብሊው አር መለኪያ ገጠምኩ። ይህ መለኪያ ከላካችሁት ኃይል ስንቱ ተመልሶ እንደመጣ ይነግራችኋል። 1 ለ1 ከሆነ የተመለሰ የለም። 2 ለ1 ከሆነ ከመቶ 11 ያህሉ ተመልሷል። 3 ለ1 ከሆነ ሩቡ። ሽቦው ረዘም ብሎ ስላገኘሁት ቆረጥኩት፣ ቆረጥኩት፣ 1.3 አደረስኩት። ደስ አለኝ። በማግሥቱ ከከተማ ወጣ ያለ የግጦሽ ሜዳ ላይ ሄጄ ብዘረጋው 2.6 አሳየኝ። አንድ አምስተኛው ኃይል ይመለሳል። ምንም አልተበላሸም። የቆርቆሮው ጣራ ነው ሽቦውን ረጅም አስመስሎ ያሳየኝ። ሜዳ ላይ፣ ብረት በሌለበት፣ ሽቦው እውነተኛ ርዝመቱን ተናገረ፤ አጥሮ ነበር። የቆረጥኩትን መልሼ በሶልደር ቀጠልኩት።

ስለዚህ አንቴናውን የሚለኩት በሚውልበት ዓይነት ቦታ፣ በሚቆምበት ከፍታ ነው። እናንተም ወደ ሜዳ ይዛችሁት ውጡ። ከቆርቆሮ፣ ከመኪና፣ ከኤሌክትሪክ መስመር ራቁ። በዱላም በቀርከሃም ቢሆን እንደ ጉዞው ቀን አቁሙት። መጀመሪያ መገጣጠሚያውን ፈትታችሁ 20 ሜትሩን ለኩ። እሱ ሳይስተካከል 40ውን አትንኩት፤ ውስጠኛው ክንፍ ሲቀየር የውጭውም አብሮ ይቀየራል።

ቁጥሩን በምሳሌ ላሳያችሁ። 7.1 ላይ እንዲሠራ ትፈልጋላችሁ። መለኪያው ግን ዝቅተኛውን ቁጥር 6.95 ላይ አሳያችሁ። ሽቦው ረዝሟል ማለት ነው። የክንፉን ርዝመት በ6.95 አባዙና ለ7.1 አካፍሉት። ክንፉ 10 ሜትር ከነበረ 9 ሜትር ከ79 ይመጣል። ስለዚህ በየጎኑ 21 ሳንቲ ሜትር ይቀነሳል። ስትቀንሱ ደግሞ አትቁረጡ። ጫፉን ወደ ኋላ አጥፋችሁ በራሱ ላይ ጠምዝዙት። የታጠፈው ሽቦ ከዋናው ጋር ተጣብቆ ሲሄድ እንደተቆረጠ ይቆጠራል። ሌላ ቦታ ሄዳችሁ ማርዘም ስትፈልጉ ትፈቱታላችሁ። የእኔ አንቴና ዛሬም ጫፉ ላይ የታጠፈ ሽቦ አለው።

ምሰሶው የራሱ ታሪክ አለው። ጮቄ አናት ላይ ዛፍ የለም። ጅብራና ሣር ነው ያለው። ጅብራ ደግሞ ሽቦ የሚሸከም ግንድ አይደለም፤ ሊነካም አይገባም። የውጭ ሰዎች እንደ ዓሣ ማጥመጃ ዘንግ የሚስብ የፋይበር ምሰሶ ይዘው ይጓዛሉ። ያን ከየት አምጥቼ? እንጅባራ ላይ ግን መንገድ ዳር ሙሉ ቀርከሃ ነው። አልጋው፣ ወንበሩ፣ መደርደሪያው ሁሉ ከቀርከሃ ይሠራል። አንድ ሽማግሌ ባለሙያ ዘንድ ሄድኩ። እኔ ያነሳሁት ረጅምና አረንጓዴ ነበር። እሳቸው ከእጄ ተቀበሉኝ።

«ልጄ፣ ይኼ ገና ለጋ ነው። ዛሬ ቀጥ ይልሃል፤ ሲደርቅ ይጨማደድና ይሰነጠቃል።»

«ታዲያ የቱን ልውሰድ፣ አባባ?»

የገጀራቸውን ጀርባ አዙረው ተራ በተራ መቱልኝ። ለጋው «ድም» ይላል፤ ድምፁ ይታፈናል። የበሰለው «ቋ» ብሎ ይጮኻል። «ሦስት ዓመት ያለፈው ነው እንዲህ የሚጮኸው» አሉኝ። ቆዳው ላይ ጥቂት ግራጫ ነጠብጣብ ነበረው። እሱን ገዛሁ። አንድ ወር ጥላ ሥር አደረቅሁት። ሳር ቤት ውስጥ፣ ጭስ የሚደርሰው ቦታ ቢደርቅ ደግሞ ነቀዝ አይደፍረውም ብለውኛል።

ሦስት ቦታ ቆረጥኩት፤ እያንዳንዱ 2 ሜትር። ሲገጣጠም 6 ሜትር ይሆናል። ለመገጣጠሚያ ሁለት የፒቪሲ ቱቦ ቁራጭ፣ እያንዳንዱ 30 ሳንቲ ሜትር። አቆራረጡ ላይ አንጓውን ከጫፉ አጠገብ አድርጉት። አንጓ የሌለው ጫፍ ይሰነጠቃል። ጫፎቹን ሁሉ በቀጭን ሽቦ አጥብቃችሁ እሰሩና በናስትሮ ሸፍኑት። ሚኒባስ ጣራ ላይ ታስሮ ይሄዳል፤ ረዳቱ ሁሌ «ድንኳን ነው?» ይለኛል።

ሲቆም ሦስት ገመድ ይበቃዋል። ገመዶቹን ከአናቱ ሥር፣ ሁለት ሦስተኛው ላይ እሰሩ። ሦስቱ ካስማ እኩል ተራርቀው እንደ ጉልቻ ይቀመጡ። ሁለት ሰው ካለ ከአሥር ደቂቃ አያልፍም። ብቻዬንም አቁሜው አውቃለሁ፤ ሁለቱን ገመድ ቀድሜ አስሬ ሦስተኛውን እየጎተትኩ አነሳዋለሁ።

ሁለተኛው የጮቄ ጉዞ በታኅሣሥ ነበር። አዝመራው ተሰብስቧል። ሰማዩ ጥርት ብሏል። ሜዳው የማን እንደሆነ ጠየቅን። ጋቢያቸውን የለበሱ አንድ ገበሬ መጡ።

«የቴሌ ልጆች ናችሁ?»

«አይደለንም፣ አባቴ። ሬዲዮ ነው። ፈቃዱ ይኸውና።»

ወረቀቱን አገላብጠው አዩት። ከዚያ ቀና ብለው ቀርከሃውን ተመለከቱ። «መብረቅ አይጠራብንም?»

ይህ ጥያቄ ትልቅ ጥያቄ ነው። ጎጃም ውስጥ መብረቅ ሰውም ከብትም ይገድላል። በበጋ፣ ጥርት ባለ ሰማይ ብቻ እንደምንሠራ፣ ያን ጊዜም መብረቅ እንደማያሰጋ ነገርኳቸው። ደመና ከከበደ አውርደን እንደምንሸሽም ቃል ገባሁ። ቃሌንም እጠብቃለሁ። ክረምት ላይ ከሰዓት በኋላ አንቴና አላቆምም። ነጎድጓድ ገና በሩቅ ሲሰማ ኬብሉን ከሬዲዮው ነቅሎ አንቴናውን ማውረድ ነው። ነጎድጓዱ ከተሰማ መብረቁ ሊደርስባችሁ የሚችልበት ርቀት ላይ ናችሁ።

ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ መገጣጠሚያውን ገጥመን በ40 ሜትር ጠራን። አዲስ አበባ ወዲያው መለሰ። ድምፁ ከአጠገባችን ያለ ይመስል ነበር። ለገበሬው የጆሮ ማዳመጫውን ሰጠኋቸውና አደመጡ። «አዲስ አበባ ነው?» አሉ። ነው አልኳቸው። «ታዲያ ካርድ አይበላም?» ምንም እንደማይበላ ስነግራቸው ረጅም ጊዜ ዝም ብለው አደመጡ። መናገር የሚችለው ፈቃድ ያለው ብቻ ስለሆነ ማይኩን አልሰጠኋቸውም፤ ምክንያቱንም ነገርኳቸው፣ ገባቸው።

ለምን 40 ሜትር? ከጮቄ እስከ አዲስ አበባ በአየር 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መሐል ላይ የአባይ በረሃና ስንት ተራራ አለ። በቀጥታ የሚሄድ ሞገድ አይደርስም። በ20 ሜትር ብትጠሩ ደግሞ ሞገዱ አየር ላይ ተንጸባርቆ በሩቅ ይወርዳል፤ አዲስ አበባን ዘልሎ ያልፋታል። ዝቅ ብሎ የቆመ የ40 ሜትር ሽቦ ግን አብዛኛውን ኃይሉን ቀጥታ ወደ ላይ ይልካል። አዮኖስፌር የሚባለው የላይኛው የአየር ክፍል መልሶ ያወርደዋል። ልክ ውኃ ከላይ እንደሚረጭ ዙሪያውን ሁሉ ይሸፍናል። ቀን ቀን ይህ የአየር ክፍል በአገራችን ጠንካራ ነው፤ 7 ሜጋ ኸርትዝን በደንብ ይመልስልናል። እንግዲህ 6 ሜትር ቀርከሃ ለዚህ ሥራ አጭር አይደለም። ቀትር ላይ ግን ይዳከማል። ፀሐይ ሲበረታ ታችኛው ክፍል ሞገዱን ይውጠዋል። ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ወደ 10 ሰዓት ገደማ የተሻለ ነው።

ረፋዱ ላይ መገጣጠሚያዎቹን ፈትተን ወደ 20 ሜትር ሄድን። ሽቦውን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ዘርግተነው ስለነበር ጎኑ ወደ ሰሜን፣ ወደ አውሮፓ ይመለከታል። አንድ ጣልያን መለሰልን። ከዚያ በኋላ ማረፊያ አጣን። ከኢትዮጵያ የሚጠራ ጣቢያ ጥቂት ነው፤ «ኢቲ» ሲሰሙ ሁሉም ይሻማል። በ5 ዋት፣ በአንድ 12 ቮልት 7 አምፒር ሰዓት ባትሪ እስከ እኩለ ቀን ስንመልስ ዋልን። በመጀመሪያው ጉዞ ሁለት ሰዓት ጮኸን የሚሰማን ያጣንበት ያው ተራራ ነው።

ከማን ጋር እንደተነጋገራችሁ መዝገብ ስትይዙ ሰዓቱ በዓለም አቀፍ ሰዓት ነው የሚጻፈው። የእኛን የቀን ሰዓት ይዛችሁ 3 ጨምሩበት። ከጠዋቱ 3 ሰዓት 6 ሰዓት ተብሎ ይጻፋል። ከምሽቱ 1 ሰዓት ከሆነ ግን 15 ነው የሚጨመረው፤ 16 ሰዓት ይሆናል።

ቆላማውና ወይና ደጋው ላይ ግን ዛፍ አለ። ቀርከሃ መሸከም አያስፈልግም። ዳንግላ አጠገብ አንድ ትልቅ ዋርካ ሥር ሲባጎ ወደ ላይ ለመወርወር ስንታገል የከብት ጠባቂ ልጆች ከበቡን። አንደኛው ወንጭፉን አወጣ። «ጋሼ፣ እኔ ላግባልዎ?» አለኝ። ሲባጎውን ድንጋዩ ላይ አሰረልኝና ወነጨፈው። ድንጋዩ በአየር ላይ ፏጨ፤ ሲባጎው ግን ጥርቅ ብሎ ተበጠሰ። በጣም ፈጥኖ ነው። ልጁ ትንሽ አሰበና ወንጭፉን አንገቱ ላይ አደረገ። ጠጠር በጨርቅ ቋጠረ። ጋቢውን አውልቆ መሬት ላይ አነጠፈና ሲባጎውን እላዩ ላይ ዘርዘር አድርጎ፣ ሳይነካካ፣ እንደ ድር አስቀመጠው። ከዚያ ቋጠሮውን በሲባጎው ራሱ ይዞ ሦስት ጊዜ ከጎኑ አወዛወዘና ለቀቀው። ሲባጎው ከጋቢው ላይ እየተነሳ እየተነሳ ሄደ። ቋጠሮው በትክክል እኔ ባሳየሁት ቅርንጫፍ ላይ ዞሮ ወረደ። አሁን ሁሌም እንዲህ ነው የምወረውረው። ጋቢ ይዤ ነው የምሄደው።

የቤተ ክርስቲያን ዛፍ ያማልላል። በጎጃም ረጃጅሙ ዛፍ ያለው እዚያ ነው። እዚያ ላይ ግን ምንም አትወርውሩ። ደኑ የተጠበቀው በአክብሮት ነው፤ ከአጥሩ ውጭ ሌላ ቦታ ይገኛል።

የኤሌክትሪክ መስመር ባለበት አካባቢ ሲባጎ መወርወርም ምሰሶ ማንሳትም ፈጽሞ አይሞከርም። ምሰሶው ቢወድቅ እንኳ የማይደርስበት ርቀት ይኑር። ከሰፈሩ ሰውና ከቀበሌው ጋር ሳትነጋገሩ ሽቦ አትዘርጉ፤ ሰላሙን ሳታጣሩም ከቤት አትውጡ። የሽቦው ጫፍ ላይ ስታወሩ ቮልቴጁ ከፍ ይላል፤ ከልጆች ራስ በላይ፣ 2 ሜትር ገደማ ላይ ይሁን። ሲባጎዎቹ ላይ ነጭ ጨርቅ በየሜትሩ እሰሩ። አንድ ጊዜ ጥጃ ገብታበት ምሰሶውን ጥላዋለች፤ እግሯ ቢጠመጠም ኖሮ ዕዳው የኛ ነበር።

ስትሰበስቡ ሽቦውን በክብ አትጠቅልሉት፤ ተጠማዝዞ ይቋጠራል። ከጀሪካን የተቆረጠ፣ ሁለት ጫፉ እንደ ሹካ የወጣ ሰሌዳ ሥሩለት። በሰሌዳው ላይ በስምንት ቁጥር ቅርፅ ጠቅልሉት። የመሐሉን ቁራጭ ቀድማችሁ ያዙ፤ ጫፎቹ መጨረሻ ላይ ይምጡ። በሚቀጥለው ጉዞ ስትዘረጉት መጀመሪያ የሚፈታው ጫፉ ይሆናል፤ ጓደኛችሁ ጫፉን ይዞ ሲሄድ ሽቦው ከሰሌዳው ላይ ሳይታሰር ይከተለዋል።